የእንጨቱ ቤትና የአርማታው ቤተ መንግሥት

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ማኅበራችን ዛሬ ማታ እንድናገር ሲፈቅድልኝ ርእሱን የመረጥሁት እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ አሰልቺ ሆኖ ብታገኙት ወቀሳው ወደ ማኅበሩ ጸሐፊ ሳይሆን ወደ እኔ ይምጣ። ማስታወቂያውን በሰሌዳው ላይ ያነበበ አንድ ጓደኛዬ፣ «በካሪብ ባሕር ደሴት ላይ የተሠራ የእንጨት ቤት ላንተ ምንህ ነው? አጎትህ ናቸው የሠሩት?» ብሎ ቀልዶብኛል። አጎቴ አልሠሩትም። እኔም ደሴቲቱን በእግሬ ረግጬ አላውቅም፤ ቤቱን የማውቀው በፎቶግራፍ፣ በፕላንና ባለሙያዎች በጻፉት መግለጫ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የምሕንድስና ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን ይህ ቤት ብዙ ያሳሰበኝ ስለ ሆነ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ቤቱ የሚገኘው በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርት ኦ ፕሬንስ ነው። የሚገኘው ልበል ወይስ የነበረው? በጁላይ 5 ቀን 2025 ዓ.ም. ሌሊት የታጠቁ ወሮበሎች በእሳት አቃጥለውታልና «የነበረው» ማለት ይሻላል። ስሙ ኦሎፍሶን ሆቴል ይባል ነበር። በመጀመሪያ ግን ሆቴል አልነበረም፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የሳም ቤተ ሰብ መኖሪያ ሆኖ ነው የተሠራው። ቲሬሲያስ ሲሞን ሳም ከ1896 እስከ 1902 ድረስ የሄይቲ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ቤቱን ያሠራው ልጃቸው ዴሞስቴን ሳም ነው።

ስለ መልኩ ጥቂት ልናገር፤ ያላያችሁት ነገር ነውና። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ በዛፍ በተከበበ አትክልት መካከል የቆመ፣ ሹል ጣራና የግንብ ማማ የመሰለ ጫፍ ያለው ትልቅ ቤት ነው። ፊቱን በሙሉ ሰፊ በረንዳ ይዞታል። በበረንዳው ምሰሶዎች መካከል፣ በጣራውም ከንፈር ላይ፣ በጣም በቀጭን መጋዝ እየተቀደደ የተሠራ የጣውላ ጌጥ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ጣውላ መሆኑ ይጠፋና የጥበብ ቀሚስ ጥለት ይመስላል። ይህን ጌጥ ያዩ አሜሪካውያን ጎብኚዎች በ1950ዎቹ ዓመታት በአገራቸው ለበዓል የሚጋገረውንና በስኳር የሚያጌጠውን የዝንጅብል ዳቦ አስታወሳቸውና የዚህን ዓይነት ቤቶች ሁሉ «ጂንጀርብሬድ» ብለው ሰየሟቸው። ስሙ ጸድቆ ቀርቶ ዛሬ ሄይቲያውያንም ይጠቀሙበታል። እኔ ስሙን አልወደድሁትም፤ ቤቱን የሚበላ ነገር ያስመስለዋል። ምን ይደረግ፤ ስም አውጪ ሁልጊዜ ባለቤቱ አይደለም።

ቤቶቹ የሚገኙት በተለይ ቡዋ ቬርና፣ ፓኮና ቲርዦ በሚባሉት ሰፈሮች ነው። ሥራቸው «ክሪዮል» ይባላል። ክሪዮል ማለት በዚያ አገር ከአውሮጳም ከአፍሪካም የመጣው ነገር ተደባልቆ በደሴቲቱ የተወለደው ማለት ነው፤ ቋንቋውም ክሪዮል ነው፤ ወጡም ክሪዮል ነው፤ ቤቱም እንዲሁ። በ1895 ሦስት ወጣት ሄይቲያውያን፣ ማለት ዦርዥ ቦሳን፣ ሌዎን ማቶንና ዦዜፍ ኤዠን ማክሲሚልየን፣ የሕንፃ ጥበብ ለመማር ወደ ፓሪስ ሄዱ። ተመልሰውም በፓሪስ ያዩትን የሀብታሞች ቤት እንዳለ አልገለበጡትም። ሊገለብጡትም አይችሉም ነበር፤ የፓሪስ ቤት ብርድን ለመከላከል የተሠራ ነው፤ በፖርት ኦ ፕሬንስ ግን ጠላቱ ሙቀት፣ የዝናብ ጎርፍና አውሎ ነፋስ ነው። እንግዲህ ከትምህርት ቤት የመጣውን ፕላን የአገሩ አናጢ ከሚያውቀው ጋራ አጋቡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የቤቱ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። በመጀመሪያ ወለሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ ይቀመጣል፤ እርጥበትና ጎርፍ አይደርስበትም። የክፍሎቹ ቁመት ከእኛ የማደሪያ ክፍሎች ቁመት በጣም ይበልጣል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ሰው ከታች ቀዝቀዝ ባለው ውስጥ ይቀመጣል። ወደ ላይ የወጣው ሙቀት ደግሞ ከጣራው ሥር በተበጁት ቀዳዳዎች ይወጣል። በሮችና መስኮቶች ረጃጅሞች ናቸው፤ ፊት ለፊት እየተያዩ ስለሚሠሩ በአንዱ የገባ ነፋስ በሌላው ይወጣል። መዝጊያቸውም ድፍን አይደለም፤ ቀጫጭን ጣውላዎች እየተዘመሙ የተረበረቡበት ነው፤ ፀሐይንና ዝናብን ይከለክላል፤ ነፋስን ግን ያሳልፋል። በረንዳው ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ዝናብ ሲመጣም መስኮት ሳይዘጋ ይቀመጡበታል። ያ እንደ ጥልፍ የተቀደደው ጣውላ እንኳ ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ብርሃንን እየቆራረጠ ጥላ ይሰጣል፤ አየርም ያስገባል። ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ማወቅ የሚሻ ተማሪ ይህን በረንዳ በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ቢስለው ይበቃዋል። እኔ ሦስት ጊዜ ሣልሁት፤ ሦስተኛው ብቻ ነው ለሰው የሚታይ።

ግድግዳቸው ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ሙሉ በሙሉ እንጨትና ጣውላ ነው። አንዳንዱ የሸክላ ጡብ ግንብ ነው። ሦስተኛው፣ ፈረንሳዮች «ኮሎምባዥ» የሚሉት፣ የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ከወፍራም እንጨት ዐምድና ወራጅ ይቆማል፤ በመካከላቸው አግድመት ሰያፍ እንጨት ይገባል፤ ባዶው ቦታ በጡብ ወይም በድንጋይ ፍርካሽ፣ በአፈርና በኖራ ይሞላል። በሄይቲ ገጠር ያለው ገበሬ ቤቱን የሚሠራው ከዚሁ ጋራ በሚዛመድ ዘዴ ነው፤ ቀጫጭን እንጨት እንደ ቅርጫት ጠልፎ ጭቃ ይመርግበታል። ከእናንተ መካከል በማገርና በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ነገሩን ከእኔ አስረጅነት ይልቅ በጣቱ ያውቀዋል። ልዩነቱ የእንጨቱ አያያዝ ነው፤ በኮሎምባዥ ሸክሙን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጡቡ በመካከል የተቀመጠ እንግዳ ነው። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ ከየት መጣ? ስለ ቆንጆ ቤት የሚናገር ሰው ይህን ጥያቄ ዘሎ ቢያልፍ ንግግሩ የቀለም ሻጭ ማስታወቂያ ይሆናል። በዚያ ዘመን የሄይቲ ዋና ሀብት ቡና ነበር። ቡናውን የሚተክለውና የሚለቅመው በኮረብታ ላይ ያለው ገበሬ ነው፤ ቀረጡ የሚሰበሰበው በወደብ ነው፤ ቤቱ የሚሠራው ከወደቡ በላይ ባሉት ቀዝቃዛ ሰፈሮች ነው። ሀገሪቱ በጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ባሮቿ ራሳቸውን ነፃ አውጥተው መንግሥት ያቆሙባት ብትሆንም፣ በ1825 ፈረንሳይ የጦር መርከቦቿን አሰልፋ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ እንድትከፍል አስገደደቻት። ካሳው በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ተቀነሰ፤ ከእርሱ የተነሣው ዕዳ ግን እስከ 1947 ድረስ ሲከፈል ኖረ። ባሪያ የነበረው ሰው ለራሱ ነፃነት ዋጋ ከፈለ ማለት ነው። በዚህ ዕዳ ላይ ደግሞ የራሳቸው ሹማምንት ጨመሩበት፤ በ1904 በታወቀው የመንግሥት ዕዳ ማጭበርበር ክስ በሲሞን ሳም ዘመን ሥልጣን ላይ የነበሩ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ ከተፈረደባቸውም መካከል ሦስቱ በኋላ ተራ በተራ ፕሬዚዳንት ሆኑ። አትሳቁ፤ የተመዘገበ ታሪክ ነው።

በዚሁ ዘመን የእኛና የእነርሱ ታሪክ አንድ ጊዜ ተገናኝቶ ነበር። ሲሞን ሳም ፕሬዚዳንት የሆኑት በማርች 1896፣ የዐድዋ ድል በተገኘበት ወር መጨረሻ ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቤኒቶ ሲልቫን የሚባል ሄይቲያዊ ወደ አገራችን መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ፤ ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ተመላልሷል። በ1900 በሎንዶን በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካውያን ጉባኤ ላይም የኢትዮጵያ ወኪል ሆኖ ተቀምጧል። ስለ እርሱ ብቻ አንድ ምሽት ያስፈልጋል፤ የታሪክ ተማሪዎች ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። የሳም ቤተ ሰብ የኖረበት እስከ 1915 ድረስ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት በማርች ወር ከዘመዶቻቸው አንዱ ቪልብሬን ጊዮም ሳም ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሥልጣኑ አምስት ወር አልሞላም። በጁላይ ወር ብዙ የፖለቲካ እስረኞችን በወህኒ ቤት አስፈጀ፤ ሕዝቡ ተነሣበት፤ ወደ ፈረንሳይ ሌጋሲዮን ሸሽቶ ቢደበቅም ከተደበቀበት ጎትተው አውጥተው ገደሉት። በዚያው ዕለት የአሜሪካ የባሕር ወታደሮች ከመርከብ ወረዱ። ሥርዓት ለማስከበር ነው አሉ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ በዲሴምበር 1914፣ ከሄይቲ ብሔራዊ ባንክ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ጭነው ሄደው ነበር። ለማስከበር የመጡት ሰዎች እስከ 1934፣ ማለት 19 ዓመት ሙሉ ተቀመጡ። ገበሬውን በግዳጅ መንገድ አሠሩት፤ ያመፀውን በጥይት ቀጡት። የሳም ቤት በዚህ ጊዜ ሁሉ የእነርሱ የጦር ሆስፒታል ሆነ። በዚያ ነፋስ ለማስገባት በተሠራ በረንዳ ላይ የቆሰሉ ወታደሮች አልጋ ተዘረጋ።

ወታደሮቹ ከወጡ በኋላ ቤቱን ጉስታቭ ኦሎፍሶን የሚባል ስዊድናዊ የመርከብ ካፒቴን ተከራይቶ ከሚስቱ ጋራ ሆቴል አደረገው። እስከ መጨረሻው የቀረውም ስም የእርሱ ነው። ከወረራ ገና አንድ ዓመት ያረፈችው ሄይቲ በ1935 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በወኪሏ በጄኔራል ኔሙር አፍ ትናንሽ መንግሥታት ሁሉ ነገ የኢትዮጵያ ዕጣ ሊደርሳቸው እንደሚችል አስጠነቀቀች። ብዙ ትልልቅ መንግሥታት ዝም ባሉበት ቦታ ነው ይህ የተነገረው። እኔ ስለዚህ ቤት ማንበብ የጀመርሁት በሕንፃ ምክንያት ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ ስደርስ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ጥቂት ተቀመጥሁ።

የሆቴሉን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ የታወቁ እንግዶችን ስም መደርደር የጋዜጣ ሥራ ነው። በ1950ዎቹ ሮዤ ኮስቴር የተባለ ፈረንሳዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያዘው፤ ቀጥሎ አል ሲትዝ የሚባል አሜሪካዊ፤ ከ1987 ጀምሮ ደግሞ እናቱ ሄይቲያዊት ዘፋኝ የነበረች ሪቻርድ ሞርስ የሚባል ሙዚቀኛ። ሞርስ ራም የሚባል የሙዚቃ ጓድ አቋቁሞ ሐሙስ ሐሙስ ማታ በዚያ ቤት ይጫወት ነበር፤ የቮዱ ከበሮ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጋራ ይመታ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ግራሃም ግሪን በ1966 ባሳተመው «ኮሜዲያኖቹ» በሚባለው ልብ ወለድ ውስጥ ያለው ሆቴል የዚሁ ቤት አምሳል ነው። በልብ ወለዱ የሆቴሉ ስም ትሪያኖን ነው፤ እንግዳ የለውም፤ ውሃ በሌለበት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ የአንድ ሚኒስትር ሬሳ ይገኛል። የዱቫሊዬ ዘመን ነበርና ደራሲው ብዙ መፍጠር አላስፈለገውም። መጽሐፉ ፕሬዚዳንቱን አስቆጥቶ ነበር፤ ቤቱ ግን ቆመ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። በጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ለ11 ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀረው፣ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ፖርት ኦ ፕሬንስን መታት። ማዕከሉ ከከተማው በስተ ምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ነበር። የሟቾቹን ቁጥር መንግሥቱ ከ300,000 በላይ አድርጎታል፤ ሌሎች ከዚያ በጣም ያነሰ ይገምታሉ፤ ማንኛውም ግምት ግን ለጆሮ የሚከብድ ነው። የእመቤታችን ካቴድራል ፈረሰ። ብሔራዊው ቤተ መንግሥትም ፈረሰ። መካከለኛው ጉልላት በታችኛው ፎቅ ላይ ተቀመጠ፤ ፎቶግራፉን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀረው ተነሥቶ ተጣለ።

የዚያ ቤተ መንግሥት ታሪክ እንዲህ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው በኦገስት 1912 በፍንዳታ ወደመ፤ ፕሬዚዳንት ሌኮንትም በውስጡ ሞተ። ቅድም ከተፈረደባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። አዲሱን ቤተ መንግሥት የነደፈው ቅድም ከጠቀስኋቸው ሦስት ወጣቶች አንዱ፣ ዦርዥ ቦሳን ነው፤ ሥራው በ1920 ተፈጸመ። እንግዲህ አንድ ትውልድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ከተማ። ለመንግሥቱ ክብር በአርማታ፣ ለቤተ ሰብ መኖሪያ በእንጨት ሠሩ። አርማታው ዘመናዊና የማይነቃነቅ፣ እንጨቱ ደካማና የቀድሞ ተብሎ ነው። መሬት በተናወጠ ጊዜ አርማታው ወደቀ፤ የሳም ቤት ግን ቆሞ ቀረ። በመንቀጥቀጡ ሰሞን ኦሎፍሶን የጋዜጠኞችና የእርዳታ ሠራተኞች ማረፊያ ሆኖ ነበር።

አንድ ቤት ቢቆም ዕድል ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ባለሙያዎች በሰፈሮቹ እየዞሩ የጂንጀርብሬድ ቤቶችን አንድ በአንድ ተመለከቱ። በግምታቸው ከእነዚህ ቤቶች በከፊል ወይም በሙሉ የፈረሱት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ናቸው፤ ከሌሎቹ ሕንፃዎች ግን ከመቶ 40 ያህል ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቅድም በልባችሁ ያዙልኝ ያልሁት እዚህ ይገባል። የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃን የሚገፋው በሕንፃው ክብደት ልክ ነው፤ የከበደ ብዙ ይገፋል፤ የቀለለ ጥቂት። እንጨት ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ እንጨት ይጎብጣል፤ በመጋጠሚያው ላይ ጥቂት ይንቀሳቀሳል፤ በዚህም የመናወጡን ኀይል እየበላ ያደክመዋል። በኮሎምባዥ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጡብ ይሰነጠቃል፤ ኖራው ይረግፋል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ወደ ውጭ ይወድቃል፤ ሸክሙ ግን በእንጨቱ ላይ ስለ ሆነ ጣራው በሰው ራስ ላይ አይወርድም። በብዙዎቹ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ይህ ነው፤ ግድግዳው ተቦድሶ አጽሙ ቆሟል። የፈረሰው አርማታ ደግሞ በአብዛኛው ሲሚንቶው የሳሳ፣ አሸዋው ያልታጠበ፣ ብረቱ ያነሰና ለስላሳ፣ ፎቆቹ ግን ከባድ የሆነ ነበር። እንዲህ ያለው አይጎብጥም፤ ይቆርጣል።

አርማታን ልሰድብ አልተነሣሁም፤ የምኖርበት ሙያ ይሆናልና። ብረቱና ሲሚንቶው በልኩ ከሆነ፣ ተቆጣጣሪውም ዓይኑን ካልጨፈነ፣ አርማታ የመሬት መንቀጥቀጥን ይችላል፤ ጃፓንና ቺሊ ይመስክሩ። የምለው ሌላ ነው። እኔ ራሴ በአንደኛ ዓመት፣ አንድ ጓደኛችን ለንድፍ ልምምድ የእንጨት ቤት ስሎ ሲያቀርብ፣ «ለአያትህ ነው?» ብዬ ክፍሉን አስቄበት ነበር። መምህሩም ሳቁ። ልጁ ሥዕሉን አጥፎ ተቀመጠ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የአርማታ ሣጥን ይዞ መጣና ጥሩ ማርክ አገኘ። የሳቅሁት እንጨቱ ደካማ መሆኑን አስልቼ አልነበረም፤ አንድም ቁጥር አላሰላሁም። የሳቅሁት እንጨት የድሮ፣ አርማታ የሥልጣኔ ነው ብዬ ስላመንሁ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ምሕንድስና አይደለም።

በ1925 የፖርት ኦ ፕሬንስ ከንቲባ ከእንግዲህ ቤት በእንጨት እንዳይሠራ ከለከለ። ምክንያቱ የእሳት አደጋ ነበር፤ ከተማዋም ደጋግማ ተቃጥላለችና ከንቲባውን አልፈርድበትም። በዚያ ትእዛዝ ግን የጂንጀርብሬድ ሥራ አበቃ፤ ጥበቡን የሚያውቁት አናጢዎችም እያረጁ ሞቱ። የቀሩትን ቤቶች ደግሞ ምስጥና እርጥበት ያዛቸው፤ ወራሾች እየተበራከቱ ማን ጣራ ያድስ በሚል ክርክር ቆዩ። «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ በመንቀጥቀጡ ከተጎዱት የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ አስቀድሞ ምስጥ የበላቸው ነበሩ። ቤቶቹ አደጋ ላይ መሆናቸውን ዓለም አቀፉ የቅርስ ድርጅት በዝርዝሩ ላይ ያወጣው በ2009 በኦክቶበር ወር፣ ማለት መንቀጥቀጡ ከመድረሱ ሦስት ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ፕሬዚዳንት ሞይዝ በጁላይ 7 ቀን 2021 በመኖሪያ ቤታቸው ተገደሉ፤ ከዚያ ወዲህ የታጠቁ ወሮበሎች የዋና ከተማዋን አብዛኛውን ክፍል ያዙ። ለኦሎፍሶን ቅርብ የሆነው ካርፉር ፌይ የተባለው ሰፈር በኦገስት 2023 ተወረረና በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሰው ሸሸ። ሆቴሉም ተዘግቶ ነበር። ከዚያም ያ የጁላይ ሌሊት መጣ። ጋዜጠኞች በሥጋቱ ምክንያት ወደ ቦታው ሊደርሱ አልቻሉም፤ ሞርስም ያለው በአሜሪካ ስለ ነበር ቤቱ መቃጠሉን ያረጋገጠው ሰው በሌለበት በምትበር መሣሪያ ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ነው።

ይህን ንግግር ስጽፍ ያ የቀለደብኝ ጓደኛዬ ረቂቁን አንብቦ፣ አሁን ሳይቀልድ፣ «በዚያ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ አንተ ግን የሌባ ሹም ልጅ ላሠራው ቤት ታለቅሳለህ» አለኝ። ሁለት ቀን መልስ አጣሁለት። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ስለ ሹሙም ያለው አልተሳሳተም። የተቃጠለው እርሱ ብቻ ሳይሆን በስም የማይጠሩ ሺሕ ቤቶችም ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ግን ማንም ንግግር አላደረገም።

ሆኖም ቤቱን የሠሩት እጆች የሳም እጆች አይደሉም። ያን ጣውላ በቀጭን መጋዝ የቀደደው፣ ሰያፉን እንጨት በምን ማዕዘን እንደሚያስገባው የወሰነው፣ ስሙን ማንም ያልጻፈው አናጢ ነው። የእርሱ ስሌት በ2010 ትክክል መሆኑ ተረጋገጠ፤ በዚያ ምሽት በበረንዳው ላይ የነበሩ ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ቤቱ ሲቃጠል የተቃጠለው የሹሙ ክብር ብቻ ሳይሆን የአናጢው መጽሐፍም ነው፤ ሌላ መጽሐፍ አልተወልንምና። ደግሞ ቤቱ የጠፋው ጎረቤቱ ከተሰደደ በኋላ መሆኑን ልብ አድርጉ። ጓደኛዬ ሰውየውንና ጣውላውን እንደ ሁለት ነገር አየ፤ በካርፉር ፌይ ግን አስቀድሞ ሰው ወጣ፤ ቀጥሎ ቤት ነደደ። ይህን ብነግረው «ገና አላሳመንኸኝም» አለ፤ እዚሁ ከኋላ ተቀምጧል፤ ሲፈልግ ይጠይቀኝ።

የቀረ ነገር አለ። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ፎካል የሚባል የሄይቲ ድርጅት ዱፎር የሚባለውን ቤት ሲያድስ ሥራውን ትምህርት ቤት አደረገው፤ ወጣት አናጢዎችና ግንበኞች የበሰበሰውን ዐምድ እያወጡ፣ አዲሱን እያገጣጠሙ፣ ኖራ እንዴት እንደሚቦካ በእጃቸው እየነኩ ተማሩ። ከ1925 ጀምሮ ተቋርጦ የነበረው እውቀት በጥቂት ሰዎች እጅ ገብቷል ማለት ነው። ባለሙያዎቹም በዚያን ጊዜ የቤቶቹን ግድግዳ፣ መጋጠሚያና ጣራ በፎቶግራፍና በሥዕል አንሥተዋል። እኔም የበረንዳውን መጋጠሚያ የሳልሁት ከእነዚህ ተነሥቼ ነው። ሥዕሉ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በስተ ግራ ያለው ሰያፍ እንጨት ማዕዘኑ ትንሽ የተሳሳተ ይመስለኛልና ከሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንዱ ቢያይልኝ እወዳለሁ።